ለምክክር የተጠራው ፀጉር አስተካካይ

ፀጉር አስተካካዩን የሰፈሩ ሰው «ሬዲዮ» ይለዋል። ጠዋት ፀጉር ቤቱን ከከፈተ ማታ እስኪዘጋ አፉ አያርፍም። ምላጭ አንገቱ ላይ ያረፈበት ደንበኛ መቼም አይከራከር! ሬዲዮም ይህን ስለሚያውቅ ክርክሩን ሁሉ የሚያሸንፈው እዚያው ወንበሩ አጠገብ ነው።

ያ ወረርሽኝ የመጣ ጊዜ ግን ፀጉር ቤቱ ተዘጋ። ሬዲዮ ቤት ዋለ። የሚያናግረው ሰው ሲያጣ ከድመቷ ጋር ይጨቃጨቅ ጀመር። በሽታው አልፎ ሥራ ሲጀምርም ቂሙ አልወጣለትም። «ዝጋ ተባልኩ እንጂ ምን ይሻላል ብሎ የጠየቀኝ የለም!» ይላል፣ መቀሱን እያንቀጫቀጨ።

እንግዲህ ጠያቂ መጣለት። የከተማው አስተዳደር «ወረርሽኝ ዳግም ቢመጣ ምን ይዘጋ፣ ምን ይከፈት? ነዋሪው ይምከርበት» ብሎ ተሰብሳቢዎችን ለመምረጥ ዕጣ ሲያወጣ ለሬዲዮ ደረሰው። ሚስቱ በሳቅ ፈረሰች።

«አንተ እዚያ ከገባህ ሌላው ሰው መቼ ሊናገር ነው?»

«የልቤን ልናገር ነው የምሄደው!»

«የልብህንማ ግድግዳውም ሰምቶታል» አለችና ኮሌታውን አስተካክላ ሸኘችው።

ስብሰባው ትምህርት ቤት ውስጥ ነበር። ወንበሮቹ ለልጅ የተሠሩ በመሆናቸው የሬዲዮ ጉልበት አገጩን ሊነካ ምንም አልቀረው። ከጎኑ አንዲት በዕድሜ የገፉ ልብስ ሰፊ ተቀምጠዋል። ሳንባቸውን ስለሚያማቸው ሁለት ሦስት ቃል ተናግረው ትንፋሽ ይስባሉ።

አወያይዋ «ትንንሽ ሱቆች ይዘጉ ወይስ አይዘጉ?» ስትል ሬዲዮ ከሁሉ ቀደመ። «ሰው ቤቱ ተቆልፎበት በሽታው ባይገድለው ብስጭት ይገድለዋል!» አለ። ተጨበጨበለት።

ልብስ ሰፊዋ እጃቸውን አወጡ። «እኔ በዚያን ጊዜ...» ብለው ቆም አሉ።

«ገብቶኛል! እርስዎም እንደኔው ተሰቃይተዋል!» አለ ሬዲዮ።

«ከቤት የወጣሁት...»

«ቢጨንቅዎት ነዋ!»

ሴትዮዋ ክንዱን ያዝ አደረጉት። «ወንድሜ፣ አልጨረስኩም። ትንፋሼን እየሰበሰብኩ ነው።»

 ሬዲዮ በዚያች ሰዓት መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ። ሴትዮዋ በዝግታ ቀጠሉ። ሱቅ ሁሉ ተዘግቶ መንገዱ ጭር ባለ ጊዜ መድኃኒት ቤት ድረስ ያለ ፍርሃት በእግራቸው ይሄዱ ነበር። ሱቆች ተከፍተው ሰው መንገዱን ሲሞላው ግን ከደጃፋቸው ማለፍ ፈሩ።

«አንተ ስትከፍት... እኔ በሬን ዘጋሁ» አሉት። «ክፉ ስላደረግህ አይደለም። ግን እንዲህ ሆነ።»

ሬዲዮ ምሳውን ሲበላ ይህንኑ ያወጣ ያወርድ ጀመር። የእሱ መከፈት በሌላ ሰው ላይ በር እንደሚዘጋ አስቦት አያውቅም። ከሰዓት ወንበሩን ወደ ሴትዮዋ አስጠግቶ ሲጠይቃቸው ዋለ፤ መልሳቸውን እስኪጨርሱም ምላሱን ነክሶ ጠበቀ። ሐሳቡን ግን እርግፍ አድርጎ አልተወም።

«ጭራሽ ይዘጋ የሚለውን አሁንም አልቀበልም» አላቸው።

«እኔም... ጭራሽ ይከፈት የሚለውን» አሉት። ተያይተው ሳቁ።

ተማክረው አንድ ሐሳብ አቀረቡ። በሽታው ሲገባ ሱቆች ማለዳ ማለዳ ደካሞችንና ታማሚዎችን ብቻ ያስተናግዱ፤ ከባሰም ይዘጉ፣ ግን ባለሱቆቹ አስቀድመው ይጠየቁ። «ይዘጉ» የሚለው ላይ ድምፅ ሲሰጥ የሬዲዮ እጅም ወጣ፤ ከትከሻው በላይ ግን አላለፈም። ሐሳቡ በብዙ ድምፅ አለፈ። ትምህርት ቤት ይዘጋ ወይስ አይዘጋ የሚለው ሲነሣ ግን ሁለቱ ጨርሶ ሊስማሙ አልቻሉም፤ እሱ ወዲህ፣ እሳቸው ወዲያ ድምፅ ሰጡ።

በሳምንቱ ሬዲዮ መቀስና ማበጠሪያውን በቦርሳ ይዞ ልብስ ሰፊዋ ቤት ሄደ። የሴትዮዋ ባለቤት ታመው አልጋ ላይ ከዋሉ ቆይተዋል፤ ፀጉራቸውም አድጎ ጆሯቸውን ሸፍኗል። በትራስ አስደግፎ፣ ጨርቅ አልብሶ ማስተካከል ሲጀምር የትምህርት ቤቱ ክርክር ካቆመበት ተነሣ። ሴትዮዋ ከወዲያ፣ ሬዲዮ ከወዲህ ተያያዙት።

ሽማግሌው ከጨርቁ ውስጥ አንገታቸውን ብቅ አደረጉ። «እናንተ ተስማሙም አትስማሙ» አሉ፣ «ጆሮዬን ብቻ አደራ!»