ከስፖኪዮዋ ሥር ያለችው ጠብታ

የሰፈሩ ሰው ባሏን «ጠብታ» እያለ ነበር የሚጠራው። ሥራው ያወጣለት ስም ነው። መኪናውን እዚያው ግቢው ውስጥ ራሱ ያጥባል፤ አንዲት የውሃ ጠብታ ላይዋ ላይ ደርቃ ነጭ ነጥብ ከጣለች ግን ምሳ አይበላም። ሌላው ወንድ በመጠጥ ይታማል፣ በሴት ይታማል፤ እሱ በጠብታ ታማ። ሚስቱም «የጠብታ ባለቤት» ሆና ቀረች። የራሷን ስም የሚያውቅ ካለ እግዜር ይወቀው።

እነሆ ጠብታ ሞተ። ልቡ ነው አሉ፤ እንደተኛ በዚያው ቀረ። ሚስቱ አላለቀሰችም። ሰው እየመጣ አንገቷ ላይ ተጠምጥሞ ሲነፋረቅ፣ እሷ ጀርባውን ቸብ ቸብ ታደርግለታለች፤ ሐዘንተኛው እንግዳው፣ አጽናኟ እሷ ሆና አረፈችው። የባሏ አክስት ጓዳ ገብታ «ዓይኗን በጨው አጥባ ተቀምጣለች» ስትል ሰምታለች። አልተቀየመችም፤ የምትቀየምበት ልብ ከየት ይምጣ? ውስጧ ተቀምጠውበት እንደደነዘዘ እግር ሆኖባታል፤ ቢቆነጥጡት አይሰማም። ያስፈራት ሐሜቱ አይደለም። ዕድሜዋን አብራው የኖረችውን ሰው ሳታለቅስለት እንዳትቀር ነው የፈራችው።

ዛሬ ዋርሳዋ፣ የባሏ ታናሽ ወንድም፣ መኪናዋን ሊወስድ ይመጣል። ጠብታ በሕይወቱ ሳለ «ከእኔ በኋላ ያንተ ናት» ብሎታል፤ እሷ እንደሆነ መንዳት አታውቅም። ቃል ቃል ነው፣ ትሂድ። ብቻ አቧራ ለብሳ እንድትሄድ አልፈለገችም። ባሏ ነጥብ ያለባትን መኪና ከበር አውጥቶ አያውቅም፤ ለመጨረሻ ጊዜ ስትወጣም እሱ እንደሚያወጣት ትውጣ። እጅጌዋን ሰብስባ ወጣች።

ጉዱ ምን መሰላችሁ፣ ይህን ሁሉ ዘመን ስትታጠብ አየች እንጂ አጥባ አታውቅም። ባሏ ጨርቁን አያስነካትም ነበር። የእሷ ድርሻ ሌላ ነው። እሱ አጥቦ አድርቆ ሲጨርስ፣ በወዲያኛው በኩል ትቆምና ዓይኗን ጠበብ አድርጋ ትፈልጋለች። ስታገኝ «እዚህ ጋ አለች!» ትላለች። እሱ በኋላ በኩል ዞሮ ይመጣል፣ ጎንበስ ይላል፣ ከኪሱ ለስላሳ ጨርቅ አውጥቶ ጠብታዋን ይነካታል፣ ከዚያ «ዓይንሽን አያሳጣኝ» ይላታል። የትዳራቸው ግማሽ ወሬ ይኸው ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ስትጀምር ፀሐይዋን አላየቻትም። ቀትር ነው፤ ኮፈኑ እጅ ያቃጥላል። በቧንቧ ውሃ አራሰች፣ በሳሙና አሸች፣ አለቀለቀች። ጨርቅ ልታመጣ ገባ ብላ ስትመለስ ውሃው ደርቋል፤ መኪናዋ ኩፍኝ የወጣባት ልጅ መስላለች። ደግማ አጠበች፤ ደግሞ ደረቀባት። ውሃ ቢወቅጡት መልሶ እንቦጭ።

ጎረቤቷ በአጥሩ ላይ ብቅ አለች።

«ምነው እንዲህ ራስሽን ገደልሽ? መንገድ ዳር አጣቢዎች አሉ አይደል?»

«እነሱ በፀሐይ ነው የሚያጥቡት።»

«አንቺስ?»

ቀና ብላ ፀሐይዋን አየቻት። «እኔም» አለች።

ጎረቤቷ ልትስቅ ብላ ሐዘን ላይ መሆኗ ትዝ አላትና ወደ ቤቷ ተመለሰች። እሷ ግን ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። ባሏም እዚሁ ይቀመጥ ነበር፤ የግድግዳው ጥላ ተስቦ መኪናዋን እስኪሸፍን ባልዲ አይነካም። ያኔ ስንፍና ይመስላት ነበር። ተቀምጣ ምንም አላሰበችም። ጥላው ኮፈኑን አለፈ፣ ጣራውን አለፈ፤ ተነሣች።

አሁን ዓይኗ ያየውን ለእጇ እየነገረ አሠራት። ከጣራ ወደ ታች። ስፖንጁን ከሳሙናው ባልዲ በፊት በንጹሕ ውሃ ባልዲ ማጠብ፣ አሸዋው እንዳይጭራት። ለመጨረሻው ማለቅለቂያ የቧንቧ ውሃ አይሆንም፤ «ኖራ አለው፣ ነጥብ የሚጥለው እሱ ነው» ይላል ጠብታ። በአሸንዳው ሥር የዝናብ ውሃ ያጠራቀመበት በርሜል አለ። ክዳኑን ከፈተች። ያለፈውን ዝናብ ያጠራቀመው እሱ ነበር። ይህንንም አሰበችው፤ አሁንም ምንም አልተሰማትም። በጆግ እየቀዳች ቀስ ብላ አፈሰሰች፤ ውሃው እንደ አንሶላ ተንሸራቶ ወረደ። ጨርቁን አላሸችም፤ ዘርግታ ወደ ራሷ ሳበችው። በሮቹን ከፍታ ጠርዛቸውን ጠረገች። በርሜሉ ባዶ ሆነ።

መኪናዋ አበራች። ጥሩ አድርጋ ነው ያጠበቻት፣ የሰው ሥራ አይካድም። ጨርቁን ጨምቃ ገመዱ ላይ ሰቀለችና፣ ማንም ሳያዛት እግሯ ወደ ወዲያኛው በኩል ወሰዳት። ቆመች። ዓይኗን ጠበብ አደረገች። ኮፈኑ ላይ የለም። በሩ ላይ የለም። ልክ ያኔ ስፖኪዮዋ ውስጧ የደበቀችውን ውሃ ለቀቀችው፤ አንዲት ጠብታ በሩ ላይ ትንሽ ወርዳ ቆመች።

«እዚህ ጋ አለች!» ብላ ጮኸች። «ከስፖኪዮዋ ሥር!»

ጣቷን እንደቀሰረች ጠበቀች። ወደ መኪናዋ ኋላ፣ ሁልጊዜ ዞሮ ወደሚመጣበት አየች። ባልዲው አለ፣ ባዶው በርሜል አለ። ሰው የለም።

ያኔ ተሰማት። በሩን ተደግፋ መሬት ላይ ተቀመጠችና አለቀሰች። ያን ሁሉ ቀን እምቢ ያላት እንባ አሁን በቃህ ብትለው የሚሰማት አልሆነም። ጎረቤቷ እንደገና በአጥሩ ብቅ አለች፤ አይታ ተመለሰች።

ዋርሳዋ የደረሰው በዚህ መሐል ነው። መኪናዋን አየ፣ እሷን አየ፣ ደነገጠ።

«እትዬ፣ ምን ሆነሽ? ወደቅሽ እንዴ?»

መናገር አቅቷት በጣቷ አሳየችው። ጠብታዋን አያትና ከኪሱ መሐረብ አውጥቶ ጎንበስ አለ። እጁን ያዘችው።

«ተዋት» አለች። «እሱን ነው የጠራሁት።»