ቀስ በሉ እና የእናቴ በር

ዛሬ ቁልፍ ሲሰበር በሩን በመሰርሰሪያ ይበሱታል። እኔ ግን የልጅነት ሰፈሬ ቁልፍ ሠሪ ይናፍቀኛል። ሲሠራ ሌላ ቃል ከአፉ ስለማይወጣ «ቀስ በሉ» እንለው ነበር።

አንድ ቀን የእናቴ ቁልፍ በሩ ውስጥ ተሰበረ። ጨቅላው ወንድሜ ከውስጥ ተኝቷል። ጎረቤታችን ስባሪውን በሹካ ሲጎረጉር ጭራሽ ወደ ውስጥ ገፋው። እናቴ መጥረቢያ አነሣች።

ቀስ በሉ ያን ቀን እየሮጠ ደረሰ።

«ቀስ በሉ እትዬ፤ በሩን ቢመቱት ልጁ ይደነግጣል» አላት በሹክሹክታ።

ተንበርክኮ ቀዳዳው ውስጥ ዘይት ጠብ አደረገ። ቀጭን የመጋዝ ስለት አስገብቶ ስባሪውን በስለቱ ጥርስ እያስነከሰ ሳብ ሳብ አደረገውና አወጣው። በሩንም በሽቦ ከፈተ።

እናቴ ልጇን ልታነሣ ስትሮጥ መንገዱን ዘጋባት።

«እንዴ እትዬ፣ ይሄን ሁሉ የተንሾካሾክነው እሱ እንዲተኛ አይደል?»

እናቴ አፏን በእጇ ይዛ፣ ድምፅ ሳታሰማ፣ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች።