እርስዎ እያለችኝ አለቃዬ ሆነች

ወደ ላቦራቶሪያችን ያስገባኋት እኔ ነኝ። ይህን ከሁሉ አስቀድሜ የምናገረው ልመጻደቅ ብዬ አይደለም። በኋላ የተሰማኝን ነገር ይበልጥ ያከፋብኝ ይኸው ስለሆነ ነው።

የምሠራው ስዊድን ውስጥ፣ ከሁዲንጌ ባቡር ጣቢያ በአውቶቡስ ጥቂት በሚያስኬድ የውሃ መመርመሪያ ላቦራቶሪ ውስጥ ነው። የመጠጥ ውሃ፣ የመዋኛ ገንዳ ውሃ፣ በበጋው ወራት ደግሞ ሰው የሚዋኝባቸው ሐይቆች ውሃ በጠርሙስ እየተቀዳ ይመጣልናል። እኔ ስዊድን የመጣሁት ለሁለተኛ ዲግሪ፣ ነፃ የትምህርት ዕድል አግኝቼ ነው። እሷ የመጣችው በስደት፣ በሱዳን በኩል ነው። የተዋወቅነው ቤተ ክርስቲያን ነው። ብሬዴንግ በሚባል ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራይታ፣ ጠዋት ጠዋት ቢሮ እያጸዳች፣ ከሰዓት ትምህርት ቤት እየሄደች የላቦራቶሪ ሙያ ተምራ ጨረሰች። አንድ እሑድ ከቅዳሴ ስንወጣ፣ “ጋሼ፣ እባክዎ ማመልከቻዬን አንዴ ይዩልኝ” አለችኝ። ስፖንጋ ሰፈር እኔ ቤት መጥታ አብረን አስተካከልነው። ለአለቃዬም “አውቃታለሁ፣ ታታሪ ናት” ብዬ ነገርኳት። ተቀጠረች።

የመጀመሪያው ዓመት ደስ ይል ነበር። ማሽን በተበላሸ ቁጥር “ጋሼ፣ ይኼ ነገር ምን ሆኖ ነው?” እያለች ትመጣለች። አስተምራታለሁ። ሰው ሲያስተምር ትንሽ ከፍ ብሎ ነው የሚቆመው፤ ያ ከፍታ ተመችቶኝ ነበር።

በመሥሪያ ቤታችን በየጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ሁሉም ሥራውን ትቶ ፊካ ይቀመጣል፤ ቡና ይጠጣል፣ ይወራል። እኔ ሲኒዬን ይዤ ወደ ማሽኔ እመለስ ነበር። ሌላው ሲያወራ እኔ ስሠራ አለቃዬ ታያለች ብዬ ነው። እሷ ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ከእነሱ ጋር ተቀመጠች። በተሰባበረ ስዊድንኛዋ ስለ ጎረቤቶቿ፣ ስለ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ወረፋ ታወራለች፤ እነሱ ይስቃሉ። በበሩ በኩል ስሰማት እኔ አፈርኩላት።

ስብሰባ ላይ ደግሞ ትጠይቃለች። አንድ ቀን፣ “አንዱን ውጤት ለምንድን ነው ሁለት ቦታ የምንጽፈው?” አለች። እኔ ወለሉን አየሁ። ገና የመጣ ሰው እንዲህ ይላል እንዴ? አለቃችን ግን እስክሪብቶዋን አንስታ፣ “ጥሩ ጥያቄ ነው” አለች። ወር ሳይሞላ ሁለት ቦታ መጻፉ ቀረ።

ያን ነገር እኔ ከዓመታት በፊት አይቼው ነበር። አይቼ፣ ከንፈሬን መጥጬ፣ ዝም ብዬ ሁለት ቦታ ስጽፍ ኖሬያለሁ። በዚያ ሳምንት ሰው ሁሉ እሷን እያመሰገነ ሲያልፍ ደረቴ ውስጥ አንድ ነገር ቆነጠጠኝ። መጀመሪያ ስሙን አልጠራሁትም። ድካም ነው አልኩ። ቅናት ነበር።

በቀጣዩ ዓመት አለቃችን ወደ ዋናው ቢሮ ልትዛወር መሆኑን ነገረችን። የክፍሉ ኃላፊ ቦታ በማስታወቂያ ወጣ። እኔ አላመለከትኩም፤ ጠበቅሁ። አገር ቤት በሠራሁበት መሥሪያ ቤት “እኔን ሹሙኝ” ብሎ የሚጠይቅ ሰው መሳቂያ ነበር። የሚገባው ሰው ይጠራል። ስለዚህ ሸሚዜን እየተኮስኩ፣ ከወትሮው ቀደም ብዬ እየገባሁ፣ የአለቃዬ በር በተከፈተ ቁጥር ቀና እያልኩ ጠበቅሁ።

አንድ ቀን አውቶቡስ ስንጠብቅ፣ “ጋሼ፣ ለቦታው አመለከትኩ፤ እርስዎም አመልክተዋል አይደል?” አለችኝ።

“እኔማ ምን ይሠራልኛል? ስብሰባ እንደማልወድ ታውቂ የለ” አልኩ።

“እንደዚያ ከሆነስ ይመርቁኛ!” ብላ ሳቀች።

መረቅኋት። በአፌ።

ከዚያ በኋላ ያደረግኩትን ለመናገር ብዙ ጊዜ ፈጅቶብኛል። በበጋው ውሃ የሚቀዳባቸውን የሐይቅ ቦታዎች ዝርዝር ለደንበኞቻችን እንድታቀርብ እሷ ተመድባ ነበር። ዋዜማውን እሷ ሌላ ክፍል ሳለች የሥራ ስልኳ ጠራ፤ አነሳሁት። ከደንበኞቹ አንዱ ነበር። “ሁለት የመዋኛ ቦታዎች ተለውጠዋል፣ ንገርልኝ” አለኝ። “እሺ” አልኩት። በቁራጭ ወረቀት ላይም ጻፍኩት። ከዚያ እሷ በበሩ ብቅ ብላ “ጋሼ፣ የፈለገኝ ሰው አለ?” ስትለኝ፣ ወረቀቱን አጥፌ የነጭ ካፖርቴ ኪስ ውስጥ ከተትኩና፣ “ማንም” አልኳት።

በማግስቱ ዝርዝሩን አቀረበች። ሊሰሙ ከመጡት ደንበኞች አንዷ፣ “ይኼ እኮ አሮጌው ነው” አለች። ስትደነባበር፣ ስዊድንኛዋ ሲጠፋባት ለማየት ነበር የጠበቅሁት። ፊቷ ቀላ። ከዚያ፣ “ይህን አላወቅሁም፤ ይቅርታ። ዝርዝር ሲለወጥ ለማን እንደሚነገር፣ የት እንደሚጻፍ የተስማማንበት ነገር የለንም። አሁን እንስማማ?” አለችና ወደ ሰሌዳው ሄደች። እንግዶቹ ወንበራቸውን አስጠጉ። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ሁሉም ከእሷ ጋር ይሠራ ነበር። እኔ ብቻ እጄን ኪሴ ከትቼ ወረቀቱን እጨብጥ ነበር።

ቦታውን አገኘች።

ቤት ገብቼ እራት ላይ ልቤ አልችል ብሎ፣ “ዕድለኛ ናት እንጂ ከእኔ በልጣ አይደለም” አልኩ። እዚሁ ተወልዳ ያደገችው ልጄ አማርኛውን ሰምታ፣ እንደ ልማዷ በስዊድንኛ፣ “ፓፓ፣ አንተስ አመልክተህ ነበር?” አለችኝ። “ብይ” አልኳት።

ቢሆንም አልቻልኩም። የድሮዋ አለቃዬ ዕቃዋን በካርቶን ስትከት ክፍሏ ገባሁና፣ “ይህን ሁሉ ዓመት ስሠራ እያየሽ እንዴት አላሰብሽኝም?” አልኳት።

እጇ ላይ ያለውን መጽሐፍ ይዛ ቀረች። “ፈልገህ ነበር እንዴ?” አለች። “በየዓመቱ እዚህ ወንበር ላይ አስቀምጬህ ‘ምን ትፈልጋለህ?’ እልሃለሁ። በየዓመቱ ‘ሁሉም ጥሩ ነው’ ትለኛለህ። አመንኩህ።”

እኔ ‘ሁሉም ጥሩ ነው’ ስል ትሕትና ነበር፤ ጨዋ ሰው የሚለው ነው። እሷ የሰማችው ግን ቃሉን ብቻ ነው። ሁለታችንም አልዋሸንም፤ ግን ይህን ሁሉ ዓመት አልተግባባንም። ማሽኔ ላይ ብቻዬን የጠጣሁት ቡናም ለእሷ ትጋት አልነበረም፤ ሰው የማይወድ ሰው መስዬአት ኖሯል።

በመከር ወር አዲሷ አለቃዬ ለዚያ ዓመታዊ ውይይት ጠራችኝ። በሌሎቹ ፊት በስዊድንኛ “አንተ” ነው የምትለኝ፤ ቋንቋው ሌላ የለውም። በሩን ስትዘጋ ግን፣ “ጋሼ፣ ይቀመጡ” አለች። ያ አክብሮት ራሱ አቃጠለኝ። ብታመናጭቀኝ ይቀለኝ ነበር።

“ያን ቀን ስልኩን ያነሳሁት እኔ ነኝ” አልኩ ሳላስበው።

“አውቃለሁ” አለች። “ሰውዬው ‘ለአንድ ወንድ ነግሬዋለሁ’ ብሎኛል። እዚህ ክፍል ወንድ እርስዎ ብቻ ነዎት።”

“ታዲያ ለምን አልተናገርሽም?”

“ምን ብዬ? ሥራ ያስገባኝን ሰው?” አለች። “በጣም ነው ያዘንኩብዎት፤ ቤተ ክርስቲያን ሳይዎት ፊቴን የማዞረው ለዚህ ነው። አሁንም አልወጣልኝም፤ ወጥቶልኛል ብል ውሸት ነው።”

ይቅርታ ጠየቅሁ። “ሰምቻለሁ” አለች፤ ይቅር ብዬዎታለሁ አላለችም። ከፊቷ ያለውን ቅጽ ወደ ራሷ ሳብ አድርጋ፣ “እንግዲህ ሥራችንን እንሥራ። ምን ይፈልጋሉ?” አለች።

‘ሁሉም ጥሩ ነው’ ምላሴ ላይ መጥቶ ነበር። “አዲስ የሚገቡትን ሠራተኞች ማሠልጠን እፈልጋለሁ። ኃላፊነቱ በስሜ እንዲሆን እፈልጋለሁ” አልኩ። በሃምሳ ስድስት ዓመቴ እንዲህ ስል የመጀመሪያዬ ነው፤ ልመና የለመንኩ ያህል አፈርኩ። እሷ ቀና እንኳን ሳትል ጻፈችው። ከሦስት ወር በኋላ ኃላፊነቱ ተሰጠኝ።

አሁን ሦስት ሰዓት ተኩል ሲሆን ፊካ እቀመጣለሁ። ወሬው አይጥመኝም፤ ግን እሰማለሁ፤ ገና ወደ ስብሰባ ያልደረሰው ነገር ሁሉ መጀመሪያ እዚያ ነው የሚነሳው። ያለፈው ሳምንት የዋናው ቢሮ ሰዎች መጥተው ከእሷ ጋር በሯን ዘግተው ቆዩ። ሳቃቸው እስከ ኮሪደሩ ይሰማ ነበር። ለሁለት አዲስ ሠራተኞች ማሽኑን እያስረዳሁ ሳለሁ ሳቁን ሰምቼ መሃል ላይ የምለው ጠፋኝ። አንዷ ሠልጣኝ፣ “ከዚያስ?” አለችኝ። ወደ ማሽኑ ዞርኩና ከመጀመሪያው ጀመርኩላቸው።