የሞጣው በረኛ ፎቶ

የቢቸና ተማሪዎች ለስፖርት ውድድር ሞጣ ስንወርድ አንገቴ ላይ ያንጠለጠልኳት ካሜራ የትምህርት ቤቱ ነበረች። እኔ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪና የተማሪዎች ጋዜጣ ፎቶ አንሺ ነበርኩ። ጋዜጣ ስል ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ በእጅ የሚጻፍ፣ ፎቶ በሙጫ የሚለጠፍበት፣ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ሰፊ ወረቀት ነው። ለሳምንቱ የተሰጠኝ ፊልም አንድ ጥቅል፣ ሠላሳ ስድስት ፎቶ ብቻ ነበር። የክበባችን ኃላፊ መምህር አንዷንም እንዳላባክን ጭነት መኪናው ላይ እስክወጣ ድረስ ሲነግሩኝ ነበር። ኪሴ ውስጥ ደግሞ ‹‹ለሚመለከተው ሁሉ›› የሚል ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ይዣለሁ።

ደብዳቤው ከካሜራዋ የበለጠ ሥራ በዛበት። ሰኞ ዕለት ብቻ ሁለት ጊዜ አውጥቼ አሳየሁ፤ አንዴ ካኪ ለለበሰ ሰውዬ፣ አንዴ ለሜዳው ጥበቃ። ሰውዬው ደብዳቤውን አገላብጦ ካየ በኋላ ‹‹ኳሱን ብቻ ነው የምታነሳው?›› አለኝ። ኳሱን ብቻ ብዬ ማልኩ። ጎረምሶች ካሜራዋን ሲያዩ ፊታቸውን ያዞራሉ፣ እናቶች ልጆቻቸውን ይጠራሉ። የብሔራዊ ውትድርና ምልመላ የበረታበት ጊዜ ነበርና፣ ጉልበት ያለውን ወጣት መልክ የሚሰበስብ ሰው የማን ሰው እንደሆነ ማን ያውቃል? አልፈረድኩባቸውም። እኔም ብሆን ራሴን እጠረጥር ነበር።

መጠርጠርስ ከእኔ በላይ ማን ያውቅበታል። ቢቸና ያደገ ሰው ቃልን እንደወረደ አይቀበልም። ቅኔ ቤት ባይገባ እንኳ በየደጁ ሰምና ወርቅ እየሰማ ያድጋል፤ ደህና አደርክ ሲሉት ‹‹ምን ማለቱ ይሆን?›› ይላል። እኔ ደግሞ በዚህ እኮራ ነበር።

ሳምንቱ ፋታ አልሰጠኝም። ጠዋት ሩጫ፣ ረፋድ ላይ መረብ ኳስ፣ ከሰዓት እግር ኳስ። ማታ ማታ ያነሳኋቸውን ፎቶዎች በጣቴ እቆጥራለሁ። እስከ ማክሰኞ ሃያ አንድ አንስቼ ነበር፤ ከሃያ አንዱ በአራቱ የሞጣ ቡድን አለ፣ በአራቱም በረኛው ፊት የለውም። በአንደኛው ጫማውን ያስራል፣ በሁለተኛው ኮፍያውን ዓይኑ ላይ ደፍቷል፣ በሌሎቹ ጀርባውን ሰጥቶኛል። ረጅም፣ ትከሻው ሰፊ፣ ጺሙን በደንብ የተላጨ ሰው ነው። ጓደኞቹ ኳስ ሲጠይቁት ‹‹አያ!›› ብለው ይጠሩታል። ተማሪ ተማሪን አያ ይላል እንዴ? በእኛ አገር አያ የሚባለው ታላቅ ነው። ይሄኔ ነው ነገሩ የሸተተኝ።

ረቡዕ ጠዋት ልምምድ ላይ ራሱ ወደ እኔ መጣ። እጁ ሻካራ ነው፣ የገበሬ እጅ።

‹‹ወንድሜ፣ እኔን አታንሳኝ›› አለኝ።

‹‹ለምን?››

‹‹እንዲሁ። በልመና ነው፤ አታንሳኝ።››

እሺ አልኩት፤ አፌ እሺ አለ። ልቤ ግን የዚያችን ቃል ወርቅ ፍለጋ ገብቷል። ለምን አታንሳኝ? ዕድሜዬን አታንሳ ማለቱ ነው፤ ከየት እንደመጣሁ አታንሳ ማለቱ ነው። ሞጣዎች ጎረምሳ ገበሬ ከገጠር አምጥተው ተማሪ ነው እያሉ እያጫወቱ ነው፤ በቃ፣ ፈታሁት! ሰውዬው የነገረኝ ሰሙን ብቻ እንደነበር፣ ፎቶ አታንሳኝ ማለት ፎቶ አታንሳኝ ማለት ብቻ እንደሆነ ለአንድ አፍታ እንኳ አልታየኝም።

በዚያው ቀን ከሰዓት ከሞጣ ጋር ተጫወትን። ለፍጻሜ የሚያልፈው የሚለይበት ግጥሚያ ነው። አንድ ለዜሮ እየተመራን ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ሪጎሬ አገኘን። አጥቂያችን አክርሮ መታት፤ በረኛው ወደ ቀኙ ተወርውሮ በጣቶቹ ጫፍ አወጣት። ከዚያ ተነሥቶ ሳቀ። ሁሉን ረስቶ፣ ኮፍያው ወድቆ፣ በቀጥታ ወደ እኔ አቅጣጫ ሳቀ። ጣቴ ቀደመኝ ብል እዋሻለሁ። ያንን ፊት ሦስት ቀን ስጠብቀው ነበር።

ሐሙስ ፊልሙ አለቀ። ከተማው ውስጥ ባለው ፎቶ ቤት አሳጥቤ ዓርብ ጠዋት ወረቀታችንን አዘጋጀን። የበረኛውን ፎቶ ካርቶን ላይ ለብቻው ለጥፌ ከሥሩ በቀይ እስክሪብቶ ‹‹ይህ ሰው ተማሪ ነውን? ዕድሜው ስንት ነው? ከየትስ መጣ?›› ብዬ ጻፍኩ። አብረውን የመጡት የክበቡ መምህራችን መነጽራቸውን አውልቀው ትንሽ አሰቡ።

‹‹ሰው ላይ ነገር እንዳይሆን›› አሉ።

‹‹ጥያቄ ብቻ ነው፣ የኔታ። ጥያቄ ምን ያደርጋል?››

እርሳቸውም ለተሸነፈው ቡድናቸው ሳያዝኑ አልቀሩም። አትስቀል አላሉኝም። ሄጄ የሜዳው በር ላይ ሰቀልኩት።

ቅዳሜ ገበያ ነበር። ከገጠር የመጣ ሰው ሁሉ በዚያ በር ያልፋል፣ ፎቶ ደግሞ ሁሉም ቆሞ ያያል። እኔ ከአጥሩ ሥር ቁጭ ብዬ ሰው ምን እንደሚል አዳምጣለሁ፤ ደስ ብሎኛል፣ አልደብቅም። አንድ ጥቁር ካፖርት የለበሰ ሰው ፎቶው ፊት ከሌሎቹ ረዘም ላለ ጊዜ ቆመ። የጻፍኩትን በጣቱ እየተከተለ አነበበና ‹‹ከየት እንደመጣማ እኔ አውቃለሁ›› ብሎ አጠገቡ ላለው ነገረው። ሰምቼ እንዴት እንደተደሰትኩ! ሮጬ ለመምህራችን ምስክር ተገኘ አልኩ።

ከሰዓት በኋላ የሞጣዎቹ የስፖርት አስተማሪ ወዳረፍንበት ክፍል መጣ። አልጮኸም። ‹‹ፎቶ አንሺው የታለ?›› አለና ፊት ለፊቴ ቆሞ ተናገረ። ልጁ ተማሪያቸው ነው፤ የእኔው አቻ፣ አሥራ አንደኛ። ዕድሜው የገፋው ብዙ ዓመት ቆሎ ትምህርት ቤት ስለቆየ ነው፤ አያ የሚሉትም ግማሾቹን ፊደል ያስቆጠራቸው እርሱ ስለሆነ ነው። ነገር ግን ጉንደ ወይን በኩል ያለው የትውልድ ቀበሌው ለውትድርና ስሙን ጽፎ ሲፈልገው ዓመት ሆኖታል። ሞጣ አክስቱ ቤት ተጠግቶ ይማር ነበር። ባለ ካፖርቱ የዚያ ቀበሌ ሊቀመንበር ነው። ‹‹አሁን ወሰዱት›› አለ አስተማሪው። ‹‹ከክፍል ጓደኞቹ መሀል ወሰዱት። ጥያቄህ ተመልሶልሃል?››

ሄጄ ካርቶኑን አወረድኩት። ለማን ብዬ እንዳወረድኩት አላውቅም፤ የሚያየው አይቶት ነበር። አፈርኩ፤ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም።

እሁድ ሞጣዎች አንድ ተከላካይ በረኛ አድርገው ፍጻሜውን ተጫወቱ፤ አራት ገባባቸው። ካሜራዬ ባዶ ስለነበረች ዝም ብዬ አየሁ። ጨዋታው ሳያልቅ አንዲት እናት ፎቶ አንሺውን እየጠየቁ መጡ። ጥቁር ለብሰዋል፣ አንገታቸው ላይ ክር አለ። የቄስ ባለቤት እንደነበሩ አንዱ ሹክ አለኝ።

‹‹ፎቶ አንሺው አንተ ነህ?››

‹‹አዎ፣ እማማ።››

‹‹የወንድሜ ልጅ ነው። መልኩ ያለበት ሌላ ወረቀት የለኝም። ያንን ትሰጠኛለህ?››

ካርቶኑን ከቦርሳዬ አወጣሁ። ቀዩን ጽሑፍ መቅደድ ይገባኝ ነበር፤ እንዳለ ሰጠኋቸው። በሁለት እጃቸው ይዘው ብዙ ጊዜ አዩት። የሚስቀውን ፊት በአውራ ጣታቸው ዳበሱ።

‹‹ከሥሩ ምን ይላል?›› አሉ። ‹‹ዓይኔ ደክሟል። አንብብልኝ።››

‹‹ይህ ጎበዝ በረኛ… በውድድሩ ምርጥ ተብሎ የተመሰገነ ነው፣ ይላል›› አልኳቸው።

‹‹እንደዚያ ነው የሚለው?››

‹‹አዎ፣ እማማ።››

ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ካርቶኑን ልክ ከጽሑፉ መነሻ ላይ አጠፉት፤ በጥፍራቸው ደጋግመው ጫኑት፤ አንዲት ፊደል ሳትቆረጥ፣ አንዲትም ከልጁ ጋር ሳትቀር፣ ቀይዋን ቁራጭ ቀደው መዳፌ ላይ አኖሩልኝ።

‹‹ይሄኛው ያንተ ነው›› አሉኝ። ፎቶውን ነጠላቸው ሥር አድርገው ወደ ከተማው ወረዱ።