ጎንበስ የሚሉት አለቃ

ትእዛዙ የደረሰን ከቀትር በኋላ ነው፤ ጎህ ሲቀድ ፊት ለፊታችን ያለውን ኮረብታ እንድንይዝ። ኮሪያ ነበርን፤ ምድሩን ገና በረዶ አልለቀቀውም። ከፎገራ የሄድነው እኔና ተሰማ ነን። ወረታ ላይ ቤታችን አጥር ለአጥር ነበር።

የመቶአችን አዛዥ መቶ አለቃ አስፋው ነበሩ። መድፍ ሲያጓራ በምሽጉ ጠርዝ ላይ ቀጥ ብለው ይሄዳሉ። እንወዳቸው ነበር። ምክትላቸው ዘለቀ ግን ገና ጥይት ሲያፏጭ መሬት ላይ ይደፋሉ። ከማዘዛቸው በፊትም «እናንተስ ምን ትላላችሁ?» ይሉናል። ወታደር የሚጠይቅ ምን አለቃ ነው? ተሰማ «እኒህን ሰው ርብ ወንዝ ሲሞላ እንደ ልጅ አዝዬ ነበር የማሻግራቸው» እያለ ያስቀን ነበር። እናንተም ዛሬ አለቃ ማለት የማይፈራ ነው ስትሉ እሰማለሁ። እኛም እንደዚያው ነበርን።

በዋዜማው ምክትሉ «የጠላት እሾሃማ ሽቦ ገና አልተቆረጠም፤ መድፉ እስኪመታው እንጠብቅ» አሉ።

መቶ አለቃው «ፈራህ እንዴ?» አሏቸው። እኛም ሳቅን።

ጎህ ሲቀድ ወጣን። መቶ አለቃው ከፊት ነበሩ። ሽቦው ያዘን። መትረየስ ከግራ ተከፈተ። «ወደፊት!» እንዳሉ ወደቁ። ከኋላቸው ያሉትም ወደቁ። እሳቸው ቆመው ማን ይተኛል?

«ተኙ! ወደ ኋላ!» ብለው ምክትሉ ጮኹ። እየተሳብን ምሽጋችን ገባን። ተሰማ አልገባም። ሽቦው ስር ሆኖ ስሜን ይጠራል። ልወጣ ስል ምክትሉ ቀበቶዬን ያዙ።

«ጭጋግ ሳይወርድ ማንም አይወጣም።»

«ወንድሜ ነው!»

«አውቃለሁ። አንተንስ ማን ያምጣህ?»

ተሰማ እስከ ቀትር ተጣራ። ከዚያ ዝም አለ። ምክትሉ ቀበቶዬን አልለቀቁም። በልቤ ረገምኋቸው።

አመሻሽ ላይ ጭጋጉ ወረደ። በደረታቸው እየተሳቡ ቀድመው የወጡት እሳቸው ናቸው። መድፍ ባጓራ ቁጥር ይደፋሉ፤ ደግመው ይሳባሉ። ሁሉንም አመጣናቸው። የሞቱት ከመቶ አለቃው ጋር ዘጠኝ ነበሩ። ከቁስለኞቹ ሁለቱ ሳይነጋ ሞቱ፤ አሥራ አንድ ሆኑ። ዘለቀም ኋላ በመድፍ ፍንጣሪ ሞቱ።

ወረታ ስመለስ የተሰማ አባት አያ አለሙ «አለቃችሁ ጎበዝ ነበር?» አሉኝ።

«ጎበዝ ነበሩ፣ አያ። ከፊት ሆነው ነው የሞቱት።»

«አለቃ እንዲህ ነው» አሉ፤ ፊታቸው ትንሽ በራ።

እዚያ ላይ ላቆመው እችል ነበር። «ልጅዎን ለአፈር ያበቁት ግን ሌላ ናቸው። ጥይት ሲሰሙ የሚደፉ ሰው ነበሩ» ብዬ የሆነውን ነገርኋቸው። የተሰማን መጣራት ብቻ አስቀረሁ።

አያ አለሙ ዱላቸውን ተደግፈው ወደ እኔ ቀረብ አሉ። ከዚያ «ልጄ፣ የክርስትና ስማቸው ማን ነው? ጣራ ገዳም ስወጣ ከተሰማ ጋር በጸሎት ላስጠራቸው» አሉኝ።

 የመቶ አለቃ አስፋውን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ወልደ ጊዮርጊስ ነው። የምክትሉን ግን ከመካከላችን የጠየቀ አልነበረም።