እትዬ ጽጌን ልወስድ ሐይቁ ዳር የሄድኩ ጊዜ

ያኔ አርባ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። እስከዚያ ዕድሜዬ ለሽርሽር ብዬ አውሮፕላን ተሳፍሬ አላውቅም፤ ይሄኛውም ሽርሽር አልነበረም። የእናቴን ታናሽ እህት እትዬ ጽጌን ከጣልያን ወደ ሜልበርን ላመጣ ነው የሄድኩት።

ያራቪል፣ ሜልበርን፣ ጎህ ሳይቀድ

ባለቤቴ ከናይት ሺፍት ገና መግባቱ ነው። የሥራ ጃኬቱን ሳያወልቅ ሻንጣዬን መኪና ላይ ጫነልኝ። ነሐሴ ለእኛ ብርድ ነው፤ ከወደቡ በኩል የሚመጣው ንፋስ ጆሮ ይቆርጣል። ኤርፖርት ሲያወርደኝ፣ ስትመለሱ ክፍሉን በሂተር አሙቄ እጠብቃችኋለሁ አለኝ። የጓሮውን ክፍል ቀለም ቀብተን፣ አልጋ ገዝተን ጨርሰናል። ቤተ ክርስቲያን ለማገኘው ሰው ሁሉ "እትዬ ሊመጡ ነው" ብዬ አውርቻለሁ።

እትዬ ሶልቬና በምትባል የተራራ መንደር አንዲት አሮጊት ሲያስታምሙ ነው ያረጁት። አሮጊቷን ሲኞራ ነው የሚሏቸው። ሲኞራ ካረፉ ወዲህ አንድ ነገር ብቻ ነው የሚታየኝ፤ እትዬ ብቻቸውን፣ በረዶ ውስጥ፣ ሰው የሚላቸው ጠፍቶ።

ሰኞ፣ አውቶቡሱ

ሚላኖ ስወርድ ፀሐዩ አናት ይበሳል። ካፖርቴን በክንዴ አንጠልጥዬ ስሄድ ያየኝ ሁሉ ፈገግ ይላል። ከዚያ በባቡር ሄጄ ትንሽ አውቶቡስ ያዝኩ። መንገዱ ተራራውን እንደ መቀነት ዞሮታል፤ ከታች ሐይቁ አንዴ ሰማያዊ፣ አንዴ አረንጓዴ ይሆናል። የድንጋይ ጣሪያ፣ ቀይ አበባ የሞላው በረንዳ፣ ዳገት ላይ የተሰቀለ ወይን። የሜልበርኑን ዳንዴኖንግ ተራራ እያልን ስንጠራ መኖራችን አሳፈረኝ።

ሹፌሩ ባለ ጺም ጎልማሳ ነው። በተሰባበረ እንግሊዝኛ ማን ዘንድ እንደምሄድ ጠየቀኝ። የእትዬን ስም ስነግረው ፍጥነቱን ቀንሶ በመስተዋቱ አየኝ። እዚህ አገር፣ አለኝ፣ ከቀብር መልስ ሁሉም ወደየቤቱ ነው። የእሱ እናት የሞቱ ጊዜ ግን እትዬ ጽጌ ወንበራቸውን ተሸክመው መጥተው በሩ ላይ ቁጭ አሉ። የመጀመሪያውን ቀን ምን ነካቸው ተባለ። በማግስቱ አንድ ጎረቤት የራሱን ወንበር ይዞ መጣ። በሦስተኛው ቀን መንገዱ በወንበር ተዘጋ፣ አውቶቡሱም አላልፍ አለ።

"አሁን ማንም ሲሞት እንደዚያ ነው የምናደርገው" አለ። መልሶ ፍጥነት ጨመረና፣ "ልትጠይቂያቸው ነው የመጣሽው?" አለኝ።

አዎ አልኩት። ልወስዳቸው ነው ማለት አፌ ላይ ቀረ።

ረቡዕ፣ ሐይቁ ላይ

እትዬ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ከሥር ወፍራም የተራራ ጫማ አድርገው፣ ከፊቴ ይሄዳሉ። በጀልባ ሐይቁን አሻገሩኝ። ውሃው ከመጥራቱ የተነሳ የጀልባው ጥላ ታች ድንጋዩ ላይ ይታያል። ገደል ላይ የተለጠፈች ትንሽ ቤተ ክርስቲያን አለች፤ ደረጃዋን ስወጣ ወደኋላ ቀረሁ። እትዬ ላይ ሆነው ጠበቁኝ። "አውስትራሊያ በመኪና ብቻ ነው እንዴ የምትሄዱት?" አሉኝ። ከቤተ ክርስቲያኗ ጀርባ ፏፏቴ ይወርዳል፤ ፍንጣቂው ፊታችን ላይ እየተረጨ እዚያ ቆምን። ያገኘን ሰው ሁሉ እትዬን ሳይስም አያልፍም። እንሂድ ለሚለው ወሬዬ መግቢያ አጣሁ።

ሐሙስ፣ ወደ ላይ

ኬብል ካሩ እስከ ግማሽ ያደርሳል። ቀሪው በእግር ነው፤ የጥንት የበቅሎ መንገድ፣ ግራና ቀኙ ካስታኛ የሚሉት ፍሬው በእሾህ የተሸፈነ ዛፍ። ፍልሰታ ስለሆነ ውሃም አልቀመስን። ጫፍ ላይ የእንጨት ምግብ ቤት አለች፤ ከጎኗ ባለች የድንጋይ ቤት የሲኞራ ታናሽ ወንድም ኤርኔስቶ ብቻቸውን ይኖራሉ። ሰማንያን ያለፉ ናቸው። እትዬ "ጋሼ ኤርኔስቶ" ነው የሚሏቸው፤ እሳቸውም አቤት ይላሉ።

ቅቤና አይብ ይመጣል ብዬ ስጨነቅ፣ የምግብ ቤቷ ባለቤት ሰዓቷን አይታ ዘጠኝ ሰዓት እስኪያልፍ ድርሽ አላለችም። ከዚያ ፖሌንታ አመጣች፤ የበቆሎ ገንፎ ማለት ነው፣ በዘይትና በእንጉዳይ። ለካ በየዓመቱ ለእትዬ እንደዚህ ትሠራለች። የሩቅ ተራሮቹ ጫፍ ገና በረዶ ይዟል። እያየሁት ደፈርኩ።

"እትዬ፣ ክፍልዎ ተሰናድቷል። መቼ እንሂድ?"

ማንኪያቸውን አስቀመጡ። ለካ ሲኞራ ሊሞቱ ሲሉ "ወንድሜን አደራ" ብለዋቸው ነበር። የጋሼ ኤርኔስቶ ልጆች ከተማ ናቸው፤ እሳቸው ያረፉ እንደሆነ ለቀብር መጥተው ማታውኑ ነው የሚመለሱት።

"በራቸው ላይ ሳልቀመጥላቸው የትም አልሄድም" አሉ። "ከዚያ በኋላ እመጣልሻለሁ።"

ሽማግሌው ምን እንዳልን ጠየቁ። እትዬ አንዲት ቃል ሳይደብቁ ተረጎሙላቸው። እኔ የምገባበት ጠፋኝ። ጋሼ ኤርኔስቶ አላምጠው ጨረሱ፣ ጢማቸውን ጠረጉ፣ ወደ እኔ ዞሩና ረዘም ያለ ነገር ተናገሩ። እትዬ እየሳቁ ተረጎሙልኝ።

"ይቅርታ አድርጊልኝ፣ እንደምትቸኩዪ አላወቅኩም። እሞክራለሁ፤ ግን ቃል አልገባም ይሉሻል።" የራሳቸውንም ጨመሩበት፤ "እሳቸውን አምነሽ ግን እንዳትጠብቂ። ምንም ነገር በጊዜው ሠርተው አያውቁም።"

ስንወርድ ሽማግሌው ከበራቸው ሆነው ባርኔጣቸውን አወዛወዙልን። እትዬ መንገዱ እስኪታጠፍ ድረስ እየዞሩ ያዩዋቸው ነበር።

ቅዳሜ፣ መመለሻ

ካፖርቴን ለእትዬ ትቼ ወረድኩ። ያው ሹፌር ነበር። ብቻዬን መሆኔን አየ፣ ወርዶ ሻንጣዬን ተቀበለኝ። ያራቪል ስደርስ ባለቤቴ በሩን ከፍቶ ከኋላዬ ተመለከተ። ሂተሩን አጥፋው አልኩት።

ጋሼ ኤርኔስቶ ከዚያ በኋላ ሁለት ክረምት ቆዩ። ሁለተኛው በረዶ መቅለጥ ሲጀምር ዐረፉ። እትዬ ወንበራቸውን በኬብል ካሩ አስጭነው፣ ካፖርቴን ለብሰው ወጡና የድንጋይ ቤቷ በር ላይ ሦስት ቀን ተቀመጡ። የመንደሩ ሰው ወንበር ወንበሩን ተሸክሞ ያንን ዳገት ወጣ። የጋሼ ኤርኔስቶ ልጆችም ማታውኑ አልተመለሱም፣ አደሩ። በአራተኛው ቀን እትዬ ወንበሩን ለአውቶቡስ ሹፌሩ ሰጡት። ከዚያ ደወሉልኝና ትኬት ቡክ አድርጊልኝ አሉኝ።