የበሩ ዳር ፀጉር አስተካካይ

መጠጥ ከተወ ቆይቷል አሉኝ። በበሩ በኩል ባለው ወንበር ይሠራል፤ ነጭ ጋዋኑ ዘወትር እስከ አንገቱ ተቆልፏል። ድሮ ምላጭ አያያዙ የተመሰከረለት ነበር። አሁን ሰዎች ፀጉራቸውን ይሰጡታል፤ ጺም ላይ ሲደርስ ግን ተነሥተው ወደ ባልደረባው ወንበር ይሻገራሉ። እሱ ራሱ ፎጣውን ያቀብላቸዋል። አይከራከርም፣ አይምልም። እኔ ብሆን ጥዬ እሄድ ነበር።

ትናንት አንድ ሽማግሌ በመስታወቱ ውስጥ እጁን ትክ ብለው አዩና፣ «ለመሆኑ መንቀጥቀጡ ለቀቀህ?» አሉት።

«እኔንስ ለቆኛል አባባ፤ አሁን የሚንቀጠቀጠው ደንበኛው ነው» አላቸው።

ቤቱ ሳቀ። ሽማግሌውም ሳቁ፤ ጺማቸውን ግን ይዘው ወጡ።

ተራዬ ደርሶ ፀጉሬን ሲጨርስ፣ «ጺሙንስ ጋሼ?» አለኝ። መልሴን የሚያውቅ ይመስል የአንገቴን ጨርቅ መፍታት ጀምሯል። እምቢ ማለት አሳፈረኝ መሰለኝ፣ አገጬን ቀና አደረግሁ። አዲስ ምላጭ ከወረቀቱ አውጥቶ ገጠመ። ጣቶቹ ፍንክች አይሉም። ጉሮሮዬ ጋ ሲደርስ ቆም አለና፣ ሌላ ሰው እንዳይሰማ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ ብሎ፣ «ይተንፍሱ እንጂ ጋሼ፤ እጠብቅዎታለሁ» አለኝ።